የዋንዛው ጥላና የተማሪው ዴስክ፤ ከመርሳ እስከ ወልድያ ጣውላ ፍለጋ

ከደሴ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ የሐይቅን ውሃ በስተቀኙ ትቶ፥ በ1881 ዓ.ም. ውል ስሟ በታሪክ የገባውን ውጫሌን አልፎ ቁልቁል መውረድ ሲጀምር፥ ማለዳ ለብርዱ የደረበውን ካፖርት ማውለቅ ግድ ይሆንበታል። ውርጌሳን ሲያልፍ አየሩ እየሞቀ ይሄዳል፤ መርሳ ሲገባ ደግሞ ማንጎና ፓፓያ ደርድረው የሚሸጡ ሴቶችና ልጆች መኪናውን ከግራና ከቀኝ ይከቡታል። ይህ አገር የየጁ ምድር አንዱ ክፍል ሲሆን፥ በዛሬው አስተዳደር ሀብሩ ወረዳ ይባላል፤ ዋና ከተማውም መርሳ ናት።

ከመርሳ እስከ ወልድያ ያለው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ይሁን እንጂ መርሳ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,600 ሜትር፥ ወልድያ ደግሞ ወደ 2,100 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚገኙ፥ መንገደኛው በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ ከአንድ የዛፍ አገር ወደ ሌላ የዛፍ አገር ይሻገራል። ከታች በሜዳው ግራርና ቁርቁራ፥ በእርሻው መካከል ዋንዛና ሾላ፥ በየቤቱ ጓሮ ግራቪሊያ፥ በየወንዙ ዳርና በየኮረብታው ባሕር ዛፍ ይታያል። ዐይኑን ወደ ላይ አቅንቶ ለሚመለከት ደግሞ በየጉብታው ጫፍ ጥቁር ሆነው የሚታዩ የጥድና የወይራ ዛፎች አሉ፤ እነርሱ ባሉበት ስፍራ ወይ ቤተ ክርስቲያን፥ ወይ የሼኽ መቃም አለ ብሎ ቢገምት ብዙ አይሳሳትም።

በዚህ መንገድ የሚያልፈው ሰው አብዛኛው ላሊበላ ሊሳለም ወይም ቆቦ ሊነግድ የሚሄድ ነው። እኔ ግን ባለፈው ዓመት የተመላለስሁበት ጣውላ ልገዛ ነው። የጣውላ ግዢ ለመጽሔት የሚበቃ የጉዞ ወሬ አይሆንም የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል፤ እኔም ከመሄዴ በፊት እንዲሁ ይመስለኝ ነበር።

ስድሳ ዴስክ

በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በሰሜን ወሎ ብዙ ትምህርት ቤቶች መጎዳታቸው የሚታወስ ነው። የማስተምርበትም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከተጎዱት አንዱ ሆነ። ዴስኩ ከፊሉ ማገዶ ሆኖ፥ ከፊሉ እግሩ ተነቅሎ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ጥቂት በጥቂት ብንጠግንም፥ በሦስት ክፍሎች ያሉ ተማሪዎች ድንጋይ ላይ እየተቀመጡ፥ ደብተራቸውን በጉልበታቸው አስደግፈው ይጽፉ ነበር። ወላጆች ይህን አይተው ከየኪሳቸው አዋጥተው 60 ዴስክ የሚያሠራ ገንዘብ አስረከቡን። አምስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ተመረጠ፤ በዕድሜ ታናሹ እኔ ስለ ነበርሁ ጸሐፊነቱም መላላኩም በእኔ ላይ ወደቀ።

የዋጋ ማቅረቢያውን ደብዳቤ ያረቀቅሁትም እኔው ነኝ። «ጣውላው አንደኛ ደረጃ ዋንዛ ሆኖ፥ ያልተሰነጠቀና ያልነቀዘ» ብዬ ጻፍሁ። ለምን ዋንዛ እንዳልሁ ቢጠይቁኝ መልሴ አጭር ነበር፤ ያደግሁበት ቤት በርና የእናቴ ሣጥን ዋንዛ ናቸው። ዋንዛ ለመላጊያ የሚታዘዝ፥ ሲወለወል የማር መልክ የሚያወጣ፥ ልቡ ምስጥን የሚቋቋም እንጨት ነው። ከበሮው፣ ሙቀጫው፣ በርና መስኮቱ፣ አልጋው ከእርሱ ይሠራል። ለልጆቻችን ደግሞ ከሁሉ የተሻለውን መመኘት ነውር የለበትም። ነገር ግን ያን ቃል ስጽፍ ዋንዛው የት እንደ በቀለ፥ የማን እንደ ሆነ፥ ሲቆረጥስ በስፍራው ምን እንደሚተካ አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብሁም። በቢሮ ጠረጴዛ ላይ የሚጻፍ «ዋንዛ» ሥርም ቅጠልም የለውም።

ማረሻ የዞረለት ዛፍ

አንድ ደላላ «ርካሽ ዋንዛ አለልህ» ብሎ ከመርሳ ወጣ ብላ ወዳለች መንደር ወሰደኝ። ዛፉ በማሽላ ማሳ መካከል ብቻውን ቆሟል። ወራቱ ጥቅምት ነበርና ነጭ አበባውን አውጥቶ፥ ንቦች ሲተራመሱበት ድምፃቸው ከሩቅ ይሰማል። ከቅርንጫፉ ሁለት ቀፎ ተሰቅሏል፤ ከሥሩ ሁለት ጥጆች ተኝተዋል። ግንዱን እኔና ደላላው እጅ ለእጅ ተያይዘን ልናቅፈው ሞክረን ጣታችን አልተገናኘም።

ባለ ዛፉ ሽማግሌ ናቸው። ወደ ቤት አስገብተው ቡና አስፈልተው ካጠጡን በኋላ፥ «ዛፉ ስንት ዓመት ይሆነዋል?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እኔ አልተከልሁት፤ አባቴም አልተከለው» አሉኝ። «ወፍ ዘራው። አባቴ ሲያርስ አየውና ማረሻውን አዞረለት። በዓመቱም አዞረለት። እኔም ልጅ ሆኜ በሬ ስነዳ ‹ተው ልጄ፥ እርሱን እለፈው› ይለኝ ነበር። እንዲህ እንዲህ ሲል ነው እዚህ የደረሰ።»

«ታዲያ አሁን ለምን ይሸጡታል?»

«አብሽር፥ አትዘን» ብለው ፈገግ አሉ። «ዘንድሮ እጅ አጠረኝ። የልጅ ልጄ ታማ ደሴ ድረስ ስናመላልሳት ከረምን፤ ዕዳ አለብኝ። ለተማሪ መቀመጫ ከሆነ ደግሞ ሰደቃ ነው። ለሌላ ሰው ከምሸጠው ለእናንተ ብሰጠው ይሻለኛል።»

የጠሩት ዋጋ በከተማ ከሚጠራው በጣም ያነሰ ነበር። ኮሚቴው ቢሰማ ዕለቱን መጋዝ ይልክ ነበር። እኔ ግን ልቤ ለሁለት ተከፈለ። የዋንዛ ቅጠል ረግፎ ሲበሰብስ አፈሩን ያዳብራል፤ ጥላው ለቡናም ለከብትም ይሆናል፤ አበባው የንብ፥ ፍሬው የወፍና የእረኛ ልጅ ነው። ይህ ሁሉ ተቆርጦ ለአንዱ ክፍል እንኳ የሚበቃ ዴስክ መውጣቱን እንጃ። ለሁለተኛው ክፍል ሌላ ዛፍ፥ ለሦስተኛው ሌላ ዛፍ ልንፈልግ ነው። በሌላ ወገን ደግሞ ሽማግሌው ዕዳ አለባቸው፤ እኔ ባልገዛው ሌላው ይገዛዋል፤ ተማሪዎቼም ድንጋይ ላይ ናቸው። ዛፍ አይቆረጥ ብሎ መስበክ የዛፉን ባለቤት ዕዳ አይከፍልም።

«አስቤ እመለሳለሁ» አልኋቸው።

«የተማረ ሰው ማሰብ ያበዛል፤ ዕዳ ግን አይጠብቅም» ብለው በትሕትና ሸኙኝ።

በወልድያ አናጢዎች ዘንድ

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ ወልድያ ወጣሁ። መንገዱ በሲሪንቃ በኩል ያልፋል፤ ሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል ያለባት ስትሆን፥ በአካባቢው ያለ ገበሬ ስሟን የሚያውቀው በተሻሻለ ዘር ነው። ወልድያ ደግሞ የሰሜን ወሎ ዞን ዋና ከተማ ብቻ ሳትሆን የመንገድ መጋጠሚያም ናት። ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የሚሄደው መንገድ በእርሷ ያልፋል፤ ወደ ምዕራብም በጋሸና፣ በደብረ ታቦርና በወረታ በኩል የሚዘልቀው ሕዝቡ «የቻይና መንገድ» የሚለው ከእርሷ ይነሣል። ስለዚህ የሁሉም አገር ጣውላ እዚህ ይገናኛል ማለት ነው።

በእንጨት ሥራ ቤቶቹ ሰፈር የመጋዙ ጩኸትና የቫርኒሹ ሽታ ሰውን አስቀድሞ ይቀበለዋል። ከደጃፉ የሙሽራ አልጋ፥ የሕፃን አልጋና የሬሳ ሣጥን ጎን ለጎን ቆመው ገዢ ይጠብቃሉ። ዕድሜው ወደ ሃምሳ የሚጠጋ አንድ አናጢ ጋ ገብቼ ደብዳቤዬን ሰጠሁት። አነበበና ምንም ሳይናገር አራት ቁራጭ እንጨት አምጥቶ ከፊቴ ደረደረ።

የመጀመሪያው ዋንዛ ነው። «ይህ የጠየቅኸው ነው» አለኝ። «ከየት እንዳመጡልኝ አልጠይቅም፤ ከጠየቅሁ ከርሞ አያመጡልኝም።»

ሁለተኛው ቺፑድ ነው። «ይህ ከአዲስ አበባ ይመጣል። ለቢሮ ጠረጴዛ ያምራል። ነገር ግን ክረምት በሚያፈስ ክፍል ውስጥ ውሃ ከጠጣ እንደ ዳቦ ያብጣል፤ ብሎኑም አንዴ ከለቀቀ ተመልሶ አይዝም።» ቺፑድ የሚሠራው ከእንጨት ፍርፋሪ ስለ ሆነ ትልቅ ዛፍ አይፈጅም፤ ይህ በጎ ጎኑ ነው። ይሁን እንጂ ከሙጫው የሚወጣው ፎርማልዴሃይድ የሚባል ጋዝ ላልተናፈሰ ክፍል አይመከርም፤ ከውጭ ሲመጣም የውጭ ምንዛሪ ይፈጃል፤ ሲበላሽ ደግሞ መጣል እንጂ መጠገን የለውም።

ሦስተኛው ቀይ ባሕር ዛፍ፥ አራተኛው ግራቪሊያ ነበሩ። ሁለቱም ዘራቸው ከአውስትራልያ ነው።

«ባሕር ዛፍ ይጠማዘዛል፥ ይሰነጠቃል ይባላል» አልሁት።

«እርሱማ ይጠማዘዛል» አለኝ። «ግን ሰኞ ተቆርጦ፥ ማክሰኞ ተሰንጥቆ፥ ረቡዕ ዴስክ ይሁን ትሉኛላችሁ። እርጥቡን ይዘህ ብትመታው ዋንዛም ያኮርፋል። ባሕር ዛፍን ሰንጥቀህ፥ በጥላ ውስጥ በየመካከሉ ቀጫጭን እንጨት እያደረግህ ደርድረህ፥ ከላዩ ድንጋይ ጭነህበት አራት ወር ብትታገሠው፥ ከዚያም ምሥማሩን በመሰርሰሪያ ቀዳዳ አስገብተህ ብትመታው፥ ልጅህም የልጅ ልጅህም ይቀመጥበታል። ለእግሩና ለማገሩ እርሱን አድርግ። ለገበታው ግራቪሊያ ይሁን፤ ቀላል ነው፥ ለመላጊያም አያስቸግርም።»

«አራት ወር?»

«ዋንዛው ስንት ዓመት ቆየ?» ሲል መልሶ ጠየቀኝ።

የባሕር ዛፍ ክስና ምስክርነት

ማታ ወደ መርሳ ስመለስ በመኪናው መስኮት የማየው ባሕር ዛፍ ሁሉ ሌላ መልክ ያዘብኝ። ባሕር ዛፍ በአገራችን ከታወቀ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። አዲስ አበባ በተቆረቆረች በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዙሪያዋ ያለው ዛፍ ለማገዶና ለቤት ሥራ ስላለቀ፥ ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው እንደ ነበር የታወቀ ነው። በ1880ዎቹ ዓ.ም. የገባው ባሕር ዛፍ በፍጥነት አድጎ ከተማይቱን በስፍራዋ አጸናት፤ በአዲስ ዓለም የተጀመረው ቤተ መንግሥትም የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

ክሱም እውነትነት አለው። ባሕር ዛፍ ውሃ አጥብቆ ይጠጣል፤ ከአጠገቡ ያለውን አዝመራ ያቀጭጫል፤ ከሥሩ ሣር እንደ ልብ አይበቅልም። ምንጭ ዳርና እርሻ ውስጥ ሊተከል አይገባውም። ሆኖም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ለድኻው ገበሬ የክፉ ቀን ገንዘብ ይሆነዋል፤ አጣናው በተሸጠ ቁጥር ደግሞ አንድ ጥድ፥ አንድ ወይራ ሳይነካ ይቀራል።

በትምህርት ቤት ሳለን ከመቶ ዓመት በፊት ከአገራችን መሬት 40 በመቶው ደን ነበር ሲባል ያልሰማ አይኖርም። የታሪክ ምሁሩ ጄምስ ማካን በ1997 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ይህ ቁጥር በጽኑ ማስረጃ ላይ የቆመ አለመሆኑን አመልክቷል። ሌላው የታሪክ ምሁር ዶናልድ ክራሚ ደግሞ በ1937 እ.ኤ.አ. በወሎ የተነሡ ፎቶግራፎችን ከ60 ዓመት በኋላ ከነበረው ሁኔታ ጋር ቢያስተያይ፥ በብዙ ስፍራ ዛፍ ጨምሮ አገኘ። የጨመረው ግን በአብዛኛው ሰው የተከለው ባሕር ዛፍ ነው። ከዚህ የምንማረው ደን አልጠፋም የሚለውን አይደለም፤ የወሎ ገበሬ የራሴ ነው ያለውን ዛፍ መትከልም መጠበቅም የሚያውቅ መሆኑን ነው።

የሐይቅ ጭቃ ደግሞ ከዚህ የራቀ ዘመን ይመሰክራል። ዳርቢሻየር፣ ላምብና ኢትዮጵያዊው ምሁር መሐመድ ኡመር በ2003 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፥ ከሐይቅና ከአርዲቦ ሐይቆች ሥር ባወጡት ጭቃ ውስጥ ያለውን የአበባ ብናኝ መርምረው የ3,000 ዓመት የዛፍ ታሪክ ጽፈዋል። የዝግባና የጥድ ደን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ500 ዓመት ግድም ተመነጠረ፤ በስፍራውም ክትክታና ሣር 1,800 ዓመት ያህል ቆየ። ከ1400 እስከ 1700 እ.ኤ.አ. ግን የጥድ ደን ከወይራ ጋር ተመልሶ ሰፋ፤ ባለፉት ሦስት መቶ ዓመታት ደግሞ እንደ ገና ተመነመነ። እንግዲህ ደን መመለስ የሚችል ነገር ነው፤ ነገር ግን የሚመለሰው በእኛ የሥራ ዘመን ልክ አይደለም።

በላስታ ተራሮች ውስጥ ያለውን የይምርሐነ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ያየ ሰው ይህን ነገር በዐይኑ ያስተውለዋል። በ12ኛው መቶ ዓመት በዋሻ ውስጥ ሲሠራ ግድግዳው አንድ ረድፍ እንጨት፥ አንድ ረድፍ በኖራ የተለሰነ ድንጋይ እየሆነ ተነባበረ፤ እንጨቱ እስከ ዛሬ ቆሟል። በዙሪያውም የጥድ ዛፎች አሉ። የጥንቱ ሰው ዛፍ አልቆረጠም ለማለት አይቻልም፤ ቆርጧል። የቆረጠው ግን ለዘጠኝ መቶ ዓመት ለሚያገለግል ሥራ ነው፤ በደጁ ያለውንም አክብሮ አስቀመጠ። ዶክተር አለማየሁ ዋሴ፥ አንባቢ በ«እመጓ» መጽሐፋቸው የሚያውቃቸው፥ በደቡብ ጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ደኖች ላይ ያደረጉት ጥናትም፥ በአካባቢው የአገር በቀል ዛፎች ዋና መሸሸጊያ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር መሆኑን ያሳያል።

ሕጉም ዝም አላለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ጥድን ከመንግሥት ደን ቆርጦ መጠቀምን ከልክሏል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1065 ደግሞ የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበራትና የመንግሥት ደን ብሎ ባለቤትነትን ለይቷል። ይህ የባለቤትነት ነገር ቀላል አይደለም። ከ1977 ዓ.ም. ረሀብ በፊትና በኋላ በምግብ ለሥራ በየተራራው እጅግ ብዙ ችግኝ ተተክሎ ነበር፤ በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ብዙው ተጨፈጨፈ። ሰው የእኔ ነው ያላለው ዛፍ ጠባቂ አልነበረውም። የሽማግሌው ዋንዛ ግን ያለ ዘበኛ እዚህ ደርሷል።

ዕቃ ቤቱ ሲከፈት

ነገሩን ለኮሚቴው አቀረብሁ፤ ዋንዛው ይቅርና ባሕር ዛፍና ግራቪሊያ ገዝተን አራት ወር እናድርቅ አልሁ። ጉባኤው ጸጥ አለ። ከአባላቱ አንዱ፥ የሁለት ተማሪዎች አባት፥ «መምህር፥ ለዛፍ አዝነህ ለልጅ ጨከንህ» አሉኝ። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም፤ እውነት ነበረበትና። በማግሥቱም ነገሩን የሰማች አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ፥ «መምህር፥ እንጨቱ ደርቆ እስኪያልቅ እኛ ተፈትነን እንወጣለን» አለችኝ። የምመልስላት አጣሁ። ዛፍን ማዳን መልካም ነው፤ ዋጋውን ግን በቢሮ የተቀመጠው ሳይሆን በድንጋይ ላይ የተቀመጠው ሊከፍል ነው።

ከዚህ ያወጣን አናጢው ነው። ልክ ሊወስድ ከወልድያ መጥቶ ክፍሎቹን ካየ በኋላ፥ «የተሰባበረውን የት ጣላችሁት?» ብሎ ጠየቀ። ዕቃ ቤቱን ከፈትንለት። በአቧራና በሸረሪት ድር መካከል እግር የሌለው ዴስክ፥ ገበታ የሌለው እግር፥ የተነቀለ መደገፊያ እስከ ጣራው ተከምሯል። በየዓመቱ የቆጠራ ወረቀት ላይ «አገልግሎት የማይሰጥ» እያልን የምንፈርምበት ክምር ነው። አናጢው አንዱን ገበታ ስቦ አወጣና በግራጫው ቀለም ላይ መላጊያውን ሁለት ሦስት ጊዜ አስኬደው። ከቀለሙ ሥር ያ የማር መልክ ብቅ አለ።

«መምህር፥ ዋንዛ ስትፈልግ ወልድያ ድረስ ለምን ደከምህ?» አለኝ።

ሁላችንም ሣቅን፤ እኔ ግን አፈርሁ። ያን ዋንዛ የቆረጡት ከእኛ በፊት የነበሩ ሰዎች ናቸው፤ ዛፉ አንዴ ወድቋል፤ ያንኑ እንጨት አቧራ አልብሰን ሌላ ዛፍ ልንጥል ነበር። ከክምሩ ውስጥ ጤነኛው እየተመረጠ፥ የነቀዘው እየተቆረጠ፥ እግሩ በአዲስ እየተተካ 22 ዴስክ ወጣ። እነዚህ በሦስት ሳምንት ውስጥ ደርሰው ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ተሰጡ። የቀሩት 38ቱ ከባሕር ዛፍና ከግራቪሊያ እንዲሠሩ ተስማማን።

ባሕር ዛፉን ከማን እንደ ገዛን አንባቢ ሳይገምት አይቀርም። ሽማግሌው ከቤታቸው በስተኋላ ባለው ጭንጫ ላይ ልጃቸው የተከለው ባሕር ዛፍ አላቸው። የወረዳውን ፈቃድ አስወጥተን በገበያ ዋጋ ገዛናቸው። ገንዘቡ ዕዳቸውን ሁሉ ባይዘጋም ከግማሽ በላይ አቃለለላቸው። ጣውላው ተሰንጥቆ በዕቃ ቤቱ ውስጥ አራት ወር ተደረደረ፤ ተማሪዎች በየሁለት ሳምንቱ እያገላበጡ ጠበቁት። ከ38ቱ መካከል የሁለቱ ገበታ ተጣመመ፤ የተጣመመውም በችኮላ ሳይደርቅ የተወሰደው ነው። የቀሩት እነሆ እስከ ዛሬ ደኅና ናቸው።

ከመፈረም በፊት

ይህን ሁሉ የጻፍሁት የዋንዛ ዕቃ ያለውን ሰው ለመውቀስ አይደለም። የእናቴ ሣጥን ዛሬም በቤታችን አለ፤ ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ ዕቃ ከዋንዛ ቢሠራ እንጨቱ አልባከነም። የሚያሳዝነው ለሦስት ዓመት መደርደሪያ፥ ለአንድ በዓል መድረክ፥ ለሥራ ማስጀመሪያ ሰሌዳ የአንድ ትውልድ ዛፍ መጣሉ ነው።

ይህን መጽሔት ከሚያነቡት ብዙዎቹ ነገ በግዢ ኮሚቴ ውስጥ የሚቀመጡ፥ አንዳንዶቹም ዛሬ የጨረታ ሰነድ የሚያረቅቁ ወጣቶች ናቸው። በሰነዱ ላይ የምትጻፍ አንዲት ቃል በአንድ ማሳ ላይ የቆመ ዛፍ ዕድል መሆኗን ቢያስቡት መልካም ነው። ከመፈረም በፊት የተሰባበረው በዕቃ ቤት መኖር አለመኖሩን ማየት፤ ሥራው በእርግጥ ያን ውድ እንጨት የሚፈልግ መሆኑን አናጢ መጠየቅ፤ እንጨቱ ከማን መሬት፥ በምን ፈቃድ እንደ ተቆረጠ የሚያስረዳ ወረቀት ማስቀረብ፤ በጀቱ በተፈቀደ ማግሥት ሳይሆን ለማድረቂያ የሚበቃ ጊዜ ሲኖር ማዘዝ ይገባል። በሰኔ መጨረሻ በጀት እንዳይመለስ ተብሎ በጥድፊያ የሚታዘዝ ዕቃ ከእርጥብ እንጨት በቀር ምን ያገኛል?

በሌላውም ዓለም ጥያቄው ይኸው ነው። በ1993 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ኤፍ ኤስ ሲ የሚባለው ድርጅት በአግባቡ ከተያዘ ደን የተገኘ ጣውላ የሚታወቅበትን ምልክት ይሰጣል። የአውሮፓ ኅብረትም በ2023 እ.ኤ.አ. ባጸደቀው ደንብ እንጨትም ሆነ የእኛ ቡና ደን ከተመነጠረበት መሬት የመጣ አለመሆኑ እንዲረጋገጥ ይጠይቃል። በመርሳ ጣውላ ላይ እንዲህ ያለ ማኅተም አላየሁም፤ ገዢው ራሱ መጠየቅ አለበት። ብዙ ገዢ ከጠየቀ አናጢውም የማይጠይቅበት ምክንያት አይኖረውም።

የሽማግሌው ዋንዛ ዘንድሮም አብቧል። ደላላው ግን አሁንም አልፎ አልፎ ብቅ ይላል፤ የቀረው ዕዳም ገና አልተከፈለም። ስለዚህ ዛፉ ድኗል ብዬ ለመጻፍ አልደፍርም፤ ለዚህ ዓመት ቆይቷል ማለት ይበቃል።

ሰኔ ላይ ሽማግሌው ከዛፉ ሥር በራሱ ጊዜ የበቀለ 12 የዋንዛ ችግኝ ከነአፈሩ አስነቅለው ላኩልን። ከትምህርት ቤቱ ግቢ በስተምሥራቅ ተክለን እሾህ አጠርንበት። አምስቱን ፍየል በላብን፤ ሰባቱ ጸድቀዋል። ግቢውን የሚያጭደው ዘበኛችን ማጭዱን ይዞ ሲጠጋቸው ተማሪዎቹ ከመስኮት ሆነው «እርሱን እለፈው!» እያሉ ይጮኹበታል።